መጠጥና ጫት ቤት ሲገቡ፦ ቤተሰብ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ስለ ሱስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ጠጪው ወይም ስለ ቃሚው ነው። ይህ ጽሑፍ አብረውት ለሚኖሩት ነው። ለሚስት፣ ለእናት፣ ለታላቅ እህት፣ ለጎረቤት። አብዛኛው ቤተሰብ ገመናውን ለዓመታት ሸፍኖ ይኖራል። ዕዳ ይከፍላል፤ ለአለቃው ደውሎ «አሞት ነው የቀረው» ይላል። እርዳታ የሚፈልገው አቅሙ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ጉበቱም፣ ሥራውም፣ ትዳሩም ተጎድቷል። ከታች ያሉት መልሶች ከዚያ በፊት እንዲደርሷችሁ እፈልጋለሁ።

የሚያስፈራው አደንዛዥ ዕፅ ነው። መጠጥን ከዚያ ጋር መቁጠር ማጋነን አይሆንም?

አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ በአልኮል ሳቢያ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በሌሎች ዕፆች ሳቢያ የሞቱት 600 ሺህ ገደማ ናቸው። መጠጥ የማያስደነግጠን ሕጋዊ ስለሆነና ከቤታችን ስለማይጠፋ ነው። ለበዓል ጠላ ይጠመቃል። ለሠርግ ጠጅ ይጣላል። ለጉንፋን እንኳን አረቄ በነጭ ሽንኩርት ይታዘዛል። ልጅ ሐሺሽ ሲያጨስ ቢገኝ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል። አባት በየማታው እየተንገዳገደ ሲገባ ግን «እሱ እንኳ መጠጥ ብቻ ነው» ተብሎ ይታለፋል። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ብዙ ቤት አፍርሳለች።

ባሌ የሚጠጣው በበዓልና በደመወዝ ቀን ነው። ይህ ሱስ ይባላል?

ላይሆን ይችላል። የቀኑ ብዛት ብቻውን አይናገርም። ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸው አራት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብሎ አስቦ ያውቃል? ሰው ስለ መጠጡ ሲያነሳበት ይናደዳል? ጠጥቶ ካደረ በኋላ ይጸጸታል? ጠዋት ሲነሳ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ወይም ራሱን ለማረጋጋት ይጠጣል? ከአራቱ ሁለቱ «አዎ» ከሆኑ ሐኪም ቢያየው ይሻላል። የመጨረሻው «አዎ» ከሆነ ግን ሁለተኛውን አልጠብቅም። ሰውነቱ ያለ መጠጥ መዋል አቅቶታል ማለት ነውና።

ደግሞ ሱስ ባይባልም ቤት የሚጎዳ አጠጣጥ አለ። በወር አንድ ቀን ብቻ ጠጥቶ በዚያች ማታ የቤት ኪራዩንና የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያጠፋ ሰው አለ። ጠጥቶ መኪና የሚነዳም አለ። ለዚያ ሰው ስም መፈለግ አያስፈልግም። ችግሩ በደንብ ይታያል።

አንድ መለኪያ አረቄ ከቢራ ያንሳል አይደል? ትንሽ እኮ ናት።

አያንስም። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። ዳግም አረቄ 45 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ከሱ 40 ሚሊ ሊትር ብቻ 14 ግራም ያህል ይይዛል። አምስት መለኪያ የወሰደ ሰው አምስት ቢራ ጠጥቷል። ሆዱ ስላልሞላ አይታወቀውም። ጠጅም እንዲሁ ነው። 10 በመቶ የሚደርስ ጠጅ በ300 ሚሊ ሊትር ብርሌ ከቀረበ ብርሌው ሁለት ቢራ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ጠላ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ለመቁጠር ያስቸግራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ባወጣው መግለጫ ከጉዳት ነጻ የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏል። አልኮል የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የአንጀትና የጡት ካንሰርን ጨምሮ ቢያንስ ሰባት ዓይነት ካንሰር ያመጣል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጥቂት የሚባል ነገር የለም። ጠላም ቢሆን፣ ለወግ ያህል ተብሎ የሚቀመሰውም ቢሆን ይቅር። ፅንሱ የሚጎዳው አእምሮው ላይ ነው፤ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ አብሮት ይኖራል።

ጫት ሱስ ያስይዛል? አያቶቻችን ሲቅሙ ኖረው የለ?

ያስይዛል። በትኩስ የጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በአሠራሩ አምፌታሚን ለሚባለው አነቃቂ ዕፅ የቀረበ ነው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ኃይሉ ይወርዳል። የጫት መኪና እንደዚያ የሚበረው፣ በየመንገዱም አደጋ የሚያደርሰው ለዚህ ነው። ቃሚው በምርቃና ሰዓት ዓለምን ሊለውጥ ያቅዳል። ምሽት ላይ ድብርቱ ይመጣል። ሌሊቱን እንቅልፍ የለም። በማግሥቱ ሐራራው ይነሳል። ለሥራ ወይም ለጥናት ብሎ የጀመረ ተማሪ ከጊዜ በኋላ ካልቃመ መጽሐፍ መግለጥ ያቅተዋል።

አያቶች ሲቅሙ ኖረዋል፤ እውነት ነው። በሐረርና በአካባቢው ጫት ከዱዓና ከሽማግሌዎች ጉባኤ ጋር የተሳሰረ ነው። ሰዓት ነበረው፣ ቦታ ነበረው፣ የሚከለክል ታላቅም ነበረው። ዛሬ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር በፌስታል ተይዞ የሚቃመው ከዚያ ጋር የሚያገናኘው ቅጠሉ ብቻ ነው።

አካል ላይ የሚያደርሰው በየቤቱ ይታወቃል። ምግብ ይዘጋል፣ ጨጓራ ያቃጥላል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ኪንታሮት ያመጣል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ቅጠሉ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ አለ፤ እሱን አብሮ መዋጥ ሌላ ጣጣ ነው። ለአእምሮ ሕመም ተጋላጭ የሆነ ሰው በብዛት ሲቅም «ሰዎች እየተከታተሉኝ ነው» የሚል ጥርጣሬ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህን ካያችሁ «ምርቃና ነው» ብላችሁ አትለፉት።

«ጨብሲ» ምኑ ነው የሚጎዳው? የቃመ ሰው እንቅልፍ እንዲወስደው አይደል የሚጠጣው?

ልክ ነው፤ ምርቃናውን ለመስበር ነው የሚጠጣው። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው። ጫቱ ስላነቃው ስካሩ አይሰማውም። ስለማይሰማው ከወትሮው ሁለት እጥፍ ይጠጣል። ከዚያ መሪ ይጨብጣል ወይም ሞተር ላይ ይወጣል። ራሱን ንቁ አድርጎ ያስባል፤ እጁና ዓይኑ ግን ሰክረዋል። አንዳንዱ ደግሞ መጠጡ አልበቃ ሲለው እንደ ዲያዜፓም ያለ የእንቅልፍ ኪኒን ይጨምርበታል። አልኮልና ዲያዜፓም አብረው ሲወሰዱ ትንፋሽ ያዘገያሉ። እንዲህ ተኝተው ያልነሱ ወጣቶች አሉ።

በሁለት ሱስ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጫት ነው። «እኔ ጠጪ አይደለሁም፤ ለጨብሲ ብቻ ነው» ይላል። በየቀኑ የሚቅም ሰው በየቀኑ ጨብሲ ካለው ግን ጠጪ ሆኗል።

ጉዳቱ የጠጪው ነው። ለምን የማኅበረሰብ ችግር ይባላል?

ምክንያቱም መጀመሪያ የሚጎዱት ሌሎች ናቸው። አባታቸው በየማታው ጠጥቶ የሚገባ ልጆች የበር አንኳኳቱን ሰምተው ዛሬ ምን ዓይነት ሌሊት እንደሚሆን ያውቃሉ። የቤት ሥራቸውን አቁመው ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባሉ። ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሲያዩ ስንፍና ነው ያሉ መምህራን ሌሊቱን አላዩም። አንዳንዱ ልጅ ከዚያ ቤት ይወጣና ጎዳና ላይ ያድራል። ጎዳና ላይ ብርድና ረሃብ ለመርሳት ማስቲሽና ቤንዚን የሚያሸቱ ልጆች አሉ። ብዙዎቹን ብትጠይቋቸው ከኋላቸው እንዲህ ያለ ቤት አለ። የሚያሸቱት ነገር አንጎልንና ነርቭን ይጎዳል፤ ልብን በድንገት ሊያቆምም ይችላል። እኛ በመኪና መስኮት አይተን እናልፋለን።

ሚስት ደመወዙ ስላልገባ ከጎረቤት ትበደራለች፣ ከዕቁብ ትወጣለች፣ ወርቋን ትሸጣለች። እናት በጡረታዋ የሠላሳ ዓመት ልጇን ዕዳ ትከፍላለች። ሾፌሩ ሲጠጣ የሚሞተው በዜብራ የሚሻገረው ነው። የፋብሪካ ማሽን ላይ ሃንጎቨር ይዞ የሚቆም ሠራተኛ አጠገቡ ያለውን ጓደኛውን ነው የሚያስቆርጠው። በስካር የሚደረግ ያልተጠበቀ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ኤችአይቪን ወደ ቤት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአልኮል ጋር በተያያዘ የሞተውን ሕዝብ በዕድሜ ብናየው፣ ድርሻው ከፍ ብሎ የሚታየው ከ20 እስከ 39 ዓመት ባሉት ላይ ነው። አገር የምታርስበትና የምትገነባበት ዕድሜ ነው ይህ።

ሌላም አለ፤ ብዙ ጊዜ የማይነሳ። አረቄ አውጥታ ወይም ጠላ ሸጣ ልጆቿን ያስተማረች እናት በየሰፈሩ አለች። ብዙዎቹ ባል የሞተባቸው ወይም የተፈቱ ናቸው። ሌላ መተዳደሪያ አላገኙም። በእንጨት ጭስ ሲታጠኑ ውለው ማታ የሰካራም ስድብና ጥቃት ይችላሉ። እነሱን ማውገዝ ቀላል ነው። አረቄ ቤቱ እንዲቀንስ የሚፈልግ ሰው ግን ለነዚህ ሴቶች ሌላ እንጀራ ማሰብ አለበት።

ሰክሮ ይመታኛል፤ ጠዋት ይቅርታ ይላል። «መጠጡ ነው እንጂ እሱ አይደለም» ይሉኛል።

መጠጡ አእምሮን ያላላ ይሆናል። እጁ ግን የሱ ነው። አለቃውን ወይም ፖሊስን ሳይሆን እርስዎን መርጦ የሚመታ ሰው ሰክሮም መምረጥ ይችላል ማለት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ወይም አብሮ በሚኖር አጋር ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ወንጀል ያደርጋል። «ሰክሬ ነበር» የምትል ቃል ብቻዋን ከተጠያቂነት አታወጣም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለይታችሁ ያዙ። ሱሱ ሕክምና ይፈልጋል። ድብደባው ደግሞ መቆም አለበት፤ ሕክምናውን አይጠብቅም። ሽማግሌ መላክ ከፈለጉ ይላኩ፤ ነገር ግን ሽማግሌው «ቻይው» ብቻ ብሎ ከመለሰዎት ወደ ሕግ መሄድ ነውር አይደለም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ ጥቃት ሸሽተው ለወጡ ሴቶችና ልጆቻቸው መጠለያ አለው። መታወቂያዎን፣ የልጆቹን የልደት ካርድና ትንሽ ገንዘብ በሚታመን ጎረቤት ዘንድ ያስቀምጡ።

በቃ ዛሬውኑ ቢያቆም አይሻልም?

ይህን መልስ እባክዎ በጥንቃቄ ያንብቡት። ጫት ለሚቅም ሰው ዛሬውኑ ማቆም ብዙ ጊዜ ይቻላል። ድካም፣ ድብርት፣ የመነጫነጭ ስሜትና ሌሊት የሚያስጮኸው ዱካክ ይመጣል። ያስጨንቃል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም፤ ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይበርዳል። በየቀኑ ብዙ ለሚጠጣ ሰው ግን በድንገት ማቆም ሊገድል ይችላል።

እንዴት ቢባል፣ አልኮል አንጎልን ያቀዘቅዛል። ለዓመታት ሲቀዘቅዝ የኖረ አንጎል ራሱን ለማንቃት ይታገላል፤ መጠጡ በአንዴ ሲቀር ያ ትግል ልጓም ያጣል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በ6 እና በ24 ሰዓት መካከል እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል። የሌለ ሰው ያያል፣ ነፍሳት በግድግዳው ላይ ሲሄዱ ይታዩታል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ ትኩሳቱና የልብ ምቱ ያሻቅባል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ቤት ውስጥ የሚጠበቅ አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂድ።

ሆስፒታል ውስጥ በቀናት እየተቀነሰ የሚሄድ ማረጋጊያ መድኃኒትና ታያሚን የሚባል ቫይታሚን ይሰጠዋል። ቀላል ሕክምና ነው፤ ሕይወት ያተርፋል። ማረጋጊያውን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ አትስጡ። ተደብቆ ከጠጣበት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ጠዋት ጠዋት እየተንቀጠቀጠ የሚነሳ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም የጣለው ሰው ከሆነ፣ ማቆሚያውን ቀን ከሐኪም ጋር ይወስኑ። እስከዚያ ድረስ መጠጡን ቆልፋችሁበት ሥራ አትሂዱ።

ጸበል ልንወስደው ነው። ሐኪም ደግሞ ለምን?

ይውሰዱት። እምነት፣ ጸሎት፣ ከመጠጥ ጓደኞች መራቅና ንጹሕ አየር ብዙ ሰው አድነዋል። ለሙስሊም ቤተሰብ ሩቅያውና የመስጊድ ጓደኝነቱ እንዲሁ ነው። ግን ከላይ የጻፍኩትን አስታውሱ። ከባድ ጠጪ ጸበል ቦታ ሲደርስ መጠጡ ከዚያች ቀን ይቆማል። በሁለተኛው ቀን ይንፈራገጣል፤ በሦስተኛው ይለፈልፋል፣ የማይታይ ነገር ያያል። ዙሪያውን ያለው ሰው ክፉ መንፈስ ሲለቅ ነው ብሎ ይይዘዋል፣ አንዳንዴም ያስረዋል። ብዙ ጊዜ አልኮሉ ሲለቅ ነው። ምግብ ሳይቀምስ በጾም ከቆየ ደግሞ ቀድሞውንም ያነሰው ቫይታሚን ይሟጠጥና አንጎሉ ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ። መጀመሪያ ሆስፒታል ገብቶ መጠጡ በሰላም ይልቀቀው፤ ከዚያ ጸበሉን ሄዶ ይጠመቅ። መድኃኒት ካለው እዚያም ይዋጥ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ ለምዕመናን ሲናገሩ ብዙ ሰው ከሞት ተርፏል። የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አማክሯቸው። «መድኃኒቱን እንዳትተው» ብለው እሳቸው ቢናገሩት ከሐኪሙ ይልቅ ይሰማል።

የት ነው የምወስደው?

አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በዘርፉ ረጅም ልምድ አለው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የሱስ ሕክምና ይሰጣል። በክልል ከተሞች እንደ ጅማና ጎንደር ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከዚያ ለሚርቅ ሰው የአካባቢው ጤና ጣቢያ በቂ መነሻ ነው፤ ወደሚመለከተው ሪፈር ይጽፋሉ። የግል ማገገሚያ ማዕከላት እየተከፈቱ ነው፤ ዋጋቸው ከበድ ይላል። ከመክፈልዎ በፊት ፈቃዳቸውንና ሐኪም ታካሚውን በየጊዜው የሚያይ መሆኑን ይጠይቁ። ሰውን በሰንሰለት የሚያስር፣ ቤተሰብ እንዳይጎበኝ የሚከለክል ቦታ ከሆነ ጥለው ይውጡ።

«አማኑኤል ሄደ» እንዳይባልብን ብለው ዓመታት የሚያባክኑ ቤተሰቦች ያሳዝኑኛል። ሰፈሩ ሰውየው ቦይ ውስጥ ወድቆ ሲያየው ኖሯል። የቀረ ምሥጢር የለም።

ሳያውቅ ምግብ ውስጥ ተደርጎ መጠጥ የሚያስጠላ መድኃኒት አለ ይባላል። እውነት ነው?

ከአልኮል ጋር ሲገናኝ የሚያስታውክ፣ ፊት የሚያቀላና ልብ የሚያስመታ ዳይሰልፊራም የሚባል መድኃኒት አለ። የሚሰጠው ግን ለሚያውቅና ለተስማማ ሰው፣ ጉበቱና ልቡ ተመርምሮ ነው። ሳያውቅ ወጥ ውስጥ ጨምራችሁበት ሄዶ አንድ ጠርሙስ ቢጠጣ ልቡ ሊቆም ይችላል። በየገበያው በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ዱቄት ደግሞ ምን እንደሆነ እንኳን አይታወቅም። ይቅርባችሁ።

ሕክምና እምቢ አለ። ምን ላድርግ?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ እምቢ ይላል። ሰክሮ እያለ አያናግሩት፤ ነገ አያስታውሰውም፣ እርስዎ ግን ተጎድተው ያድራሉ። ጠዋት፣ ጸጸቱ ሳይበርድ፣ ብቻውን ያናግሩት። «አንተ ሰካራም» ከሚል ቃል ይልቅ የሆነውን ይንገሩት። «ማክሰኞ ልጅህን ከትምህርት ቤት ሳታመጣት ቀረህ፤ እስከ 12 ሰዓት በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ነበር።» ለዚህ ክርክር የለውም። የሚያከብረው አንድ ሰው ካለ፣ አጎት ይሁን የቀድሞ አለቃ ወይም ጠጥቶ የተወ ጓደኛ፣ እሱን ይላኩት። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ያለፈበትን ሰው ነው።

ከዚያ መሸፈንዎን ያቁሙ። ለአለቃው አይደውሉለት። የአረቄ ቤት ዕዳውን አይክፈሉ። ጨካኝነት ይመስላል፤ እናቶች በተለይ አይችሉትም። ይሁን እንጂ መጠጡ የሚያመጣው ጣጣ ሁሉ በሌላ ሰው ከተከፈለ እሱ የሚያቆምበት ምክንያት አያገኝም። ምግብ ይስጡት፣ አልጋ ይስጡት፣ ሐኪም ቤት ልሂድ ያለ ቀን ሥራ አስፈቅደው አብረውት ይሂዱ። ጥሬ ገንዘብ አይስጡት። እርስዎም የሚያወሩት ሰው ይፈልጉ። ሐኪሙን ያለ እሱ ሄዶ ማማከር ይቻላል።

ልጄ ሺሻና ጋንጃ እንደጀመረ ጠረጠርኩ። ኪሱ ውስጥም ኪኒን አገኘሁ።

ኪኒኑን መጀመሪያ ለፋርማሲ ባለሙያ ያሳዩ። ያለ ትእዛዝ በየቦታው ከሚዘዋወሩት አንዱ ትራማዶል ነው። የሕመም ማስታገሻ ይሁን እንጂ ሱስ ያስይዛል፤ ሲበዛ ያንፈራግጣል፣ ትንፋሽ ያቆማል። ልጁ በአንዴ ከማቆሙ በፊት ለዚህም ሐኪም ይጠየቅ።

ልጁን ግን አይደብድቡት። የአንጎል እድገት እስከ 25 ዓመት አካባቢ ይቀጥላል፤ ችኩልነትን የሚገታው ክፍል መጨረሻ ላይ ነው የሚበስለው። ከማን ጋር እንደሚውል፣ ምን እንዳስጨነቀው ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ ከኋላው የፈተና ውድቀት፣ የቤት ጠብ ወይም ብቸኝነት አለ። ለአልኮልም ለትምባሆም በሕግ የተቀመጠው ዕድሜ 21 ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከዚያ በታች ላለ ሰው መሸጥን ይከለክላል፤ ሺሻንም ከልክሏል፤ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ከትምህርት ቤት በር አጠገብ ለተማሪ የሚሸጠውን ቤት ወላጆች ተሰባስበው ካላመለከቱ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ጫት ይህን ያህል ከጎዳ መንግሥት ለምን አይከለክለውም?

ጫት ለአገሪቱ በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያስገባል። በሐረርና በሐረማያ መካከል ያለችው አወዳይ ከተማ ሌሊቱን ሙሉ የምትነግደው እሱን ነው። በሐረርጌ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው በዓመት ደጋግሞ ስለሚቆርጠውና ዋጋው ስለሚሻለው ነው። ነገ ቢከለከል ያ ገበሬ ምን ይበላል? እኔ ክልከላው ሱሱን ያጠፋዋል ብዬ አላምንም። ለወጣት የሚሸጥበትን ቦታና ሰዓት መገደብ፣ ከሚሰበሰበው ግብር ለሱስ ሕክምና መመደብ ግን ዛሬም ይቻላል።

ውጭ አገር ላለ ወንድሜ ጫት መላክ ችግር አለው?

አለው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2014 ጀምሮ ከልክላዋለች። አሜሪካ ውስጥ ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመዘገበ ክልክል ነው። ሳዑዲ አረቢያ የዕፅ ዝውውርን እስከ ሞት ትቀጣለች። እስራኤል ቅጠሉን ማኘክ አልከለከለችም፤ ከሱ የሚወጣውን ንጥር ግን ከልክላለች። ወደ የትኛውም አገር ስትጓዙ የሰው አደራ ሳትፈቱ አትያዙ። «ደረቅ ቅመም ነው» ተብሎ የተሰጠው ጥቅል ጉምሩክ ላይ ሲከፈት የሚጠየቀው የያዘው ሰው ነው።

አረቄ ጠጥቶ ዓይኔ ደበዘዘብኝ አለ። ሃንጎቨር ነው?

ሃንጎቨር ዓይን አያጠፋም። መጠጡ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ሳይገባበት አይቀርም። ሽታውና ጣዕሙ አይለይም። ምልክቱ የሚመጣው ዘግይቶ፣ አንዳንዴ ከጠጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ነው። የሆድ ሕመም፣ ትውከት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የትንፋሽ መፍጠን ይታያል። ይተኛና ይለቀዋል አትበሉ። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት። አብረውት የጠጡትንም ፈልጋችሁ፣ ደህና ነን ቢሉም ውሰዷቸው። ሜታኖሉን የሚያከሽፍ ሕክምና አለ፤ የሚሠራው ግን በጊዜ ሲደርስ ነው።

ሰክሮ ራሱን የሳተ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ በጎኑ አስተኙት፤ ትውከት እንዳያንቀው። ቡናም ሎሚም አፉ ውስጥ አትጨምሩ። ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ስትጠሩት ካልመለሰ አምቡላንስ ጥሩ።

ስድስት ወር ቆይቶ እንደገና ጠጣ። ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት ነው?

አይደለም። ሱስ እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት የሚያገረሽ ሕመም ነው። ስድስት ወር ያለ መጠጥ የኖረ ሰው እንዴት እንደሚኖር ተምሯል፤ ጉበቱም አርፏል። ያገረሸበትን ነገር ፈልጉ። ደመወዝ የተቀበለበት ቀን ነበር? የድሮ ጓደኛ ሠርግ? ሐዘን? መድኃኒቱን አቁሞ ነበር? መልሱ ቀጣዩን ዕቅድ ይሰጣችኋል። ደመወዙ በሚስቱ አካውንት እንዲገባ ራሱ ከተስማማ አንድ በር ተዘጋ። ወደ ሥራ የሚሄድበት መንገድ በድሮው ግሮሰሪ በኩል ከሆነ በሌላ በኩል ይዙር።

ያስታውሱ፣ ለወራት ከተወ በኋላ ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም። ለትራማዶልና መሰል መድኃኒቶች ይህ በተለይ እውነት ነው፤ የድሮውን ያህል ሲወስዱ የሚሞቱት ያኔ ነው። ስለዚህ በቁጣ ከቤት ከማስወጣት ይልቅ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪሙ መልሱት።

ዘመድም ያግዝ። ለሠርግም ለክርስትናም ስትጠሩት ለስላሳውን ቀድማችሁ አቅርቡለት። «አንድ ብቻ፣ ለእኔ ብለህ» የሚለውን ልመና ተዉት። «አልጠጣም» ሲል ምክንያት አትጠይቁት።